የተመለሰው አበባ

አክስቴ ተኳሽ ናት። እንዳትደነግጡ፤ የምትተኩሰው ልብስ ነው። ከትልቁ ሆቴል ጀርባ ባለው ላውንደሪ፣ በኋለኛው ክፍል፣ ካውያዋን ይዛ እንደቆመች ነው ፀጉሯ ጣል ጣል አድርጎ የሸበተው። የክፍሉ መስኮት ከእንፋሎት ብዛት ቀኑን ሙሉ ያልበዋል። እኛ የቤተሰቡ ልጆች እታለም እንላታለን፤ ስንጠራት የሰሙ የሥራ ባልደረቦቿም በዚያው ለመዱ። እሷ የተኮሰችውን ሸሚዝ የለበሰ ሰው ሳይወድ በግዱ ቀጥ ብሎ ነው የሚሄደው።

እኔ እዚያው ላውንደሪ ከፊት ለፊት ባንኮኒው ላይ ነኝ። ልብስ እቀበላለሁ፣ ምልክት አስርበታለሁ፣ "ይሄ ነጠብጣብ ሳመጣው አልነበረም" ከሚሉ ደንበኞች ጋር እጨቃጨቃለሁ። ለጭቅጭቁ ተፈጥሮ አግዞኛል። ሥራውን ያስገባችኝ እታለም ናት፤ የመጀመሪያ ትምህርቷም ስለ ደም ነበር። "ደም ያለበት ልብስ ከመጣ ለይተሽ አስቀምጪ። ሙቅ ውሃ እንዳታስነኪው፤ አንዴ ሙቀት ካገኘው አይለቅም። ቀዝቃዛ ውሃ ነው። ደግሞ ቶሎ!" የሰዉን ሁሉ ደም እንዲህ አሳምራ የምታውቅ ሴት በራሷ ደም እንዴት እንደተታለለች ነው የማወጋችሁ። ያታለላት ደግሞ ሰው አይደለም፤ ቃል ነው።

ነገሩ የጀመረው በሙቀት ነው። ካውያ ቤት ውስጥ ሙቀትን ማን ከቁም ነገር ይቆጥረዋል? እታለም ሃምሳን ተሻግራ ነበር፤ የወር አበባዋም ከቆመ ዓመት አልፎታል። ሲቆምባት "ተገላገልኩ" ብላ ነበር። ልጅ ሳትወልድ በመቅረቷ የሆነ ነገር እንደቆረጣት አውቃለሁ፤ ግን አፏ ላይ አልመጣም። ከዚያ እሳቱ መጣ። ከደረቷ ይነሳል፣ በአንገቷ አልፎ ጆሮ ግንዷ ድረስ ይወጣል፤ ፊቷ ቲማቲም ይመስላል። ቀጥሎ ላብ፣ ከላቡ ቀጥሎ ብርድ። ተኳሿን ራሷን ተኮሳት። እንቅልፍ አጣች፤ ጠዋት ስትመጣ ዓይኗ ሥር ጠቁሮ ነው። ጉልበቷን ይጠዘጥዛታል። የዘወትር ደንበኛ ስም ይጠፋባታል። ቀልድ አዋቂ የነበረች ሴት በሆነ ባልሆነው ትጮህብናለች፤ ጮኻ ስታበቃ መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅሳለች።

"ምን ሆነሻል?" ስላት "ምንም"። ባሏ ሲጠይቃት "ሥራ ነዋ"። ባሏ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሰው ጋር ሲጋፋ ስለሚውል ቤቱ ሲገባ ሁለተኛ ጥያቄ አይጠይቅም።

ነገሩን በስሙ የጠራችው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች፤ አጣቢያችን። ነጎድጓድ እንላታለን፤ ስትስቅ መንገድ ማዶ ያለው ጫማ ሰፊ ቀና ይላል። ስልሳ ሊሞላት ትንሽ የቀራት፣ ወፍራም፣ ጥቁር ቀሚስ የማይለያት ሴት ናት። "ጥቁር ቆሻሻ ይችላል" ትላለች።

"እታለምዬ፣ ይሄማ ማረጥ ነው!" አለች አንድ ቀን፣ ያንን ድምፅ ሳትቀንስ።

"ዝም በይ አንቺ! ሰው ይሰማል።"

"ይስማ። እኔንም አርጎኛል፤ ሞትኩ?"

እታለም ለሁለት ቀን አኮረፈቻት። ማረጥ የምትለዋ ቃል እኛ ዘንድ ጥፋቷ ምን እንደሆነ እንጃ፤ ሰው ሲጣላ እንደ ድንጋይ ነው የሚወረውራት። "ያረጠች!" ከተባለች በኋላ ሴትየዋ መልስ የላትም። የደሙን መቆም ስድብ አድርጎ፣ መምጣቱን አበባ ብሎ የሰየመውን ሰው ባገኘው የምለው ነበረኝ። ግን ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ምናልባትም ሁላችንም ነን።

ከዚያ ሸሚዙ ተቃጠለ። የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ነጭ ሸሚዝ ነበር። እታለም ካውያውን ኮሌታው ላይ እንዳሳረፈች ያ እሳት መጣባት፤ ዓይኗን ጨፍና ግድግዳውን ተደገፈች። የነቃችው በቃጠሎው ሽታ ነው። ኮሌታው ላይ የካውያው አፍ ቁልጭ ብሎ ታትሟል። የላውንደሪው ባለቤት ጋሼ ክፉ ሰው አይደለም፤ ግን የሆቴሉን ሥራ ካጣ ላውንደሪው ይዘጋል። ሸሚዙን ወደ መብራቱ ከፍ አድርጎ ሲያየው ቆየና፣ "እጅሽ ከከዳሽ በጊዜ ንገሪኝ፤ ሌላ ሰው ልፈልግ" አላት። ቢቆጣት ይሻል ነበር።

በዚያው ቀን ከሥራ እንደወጣን እናቴ ዘንድ ሄድን። እናቴ የእታለም ታላቅ እህት ናት፤ ልብስ ሰፊ። የጠየቃትን ሁሉ ትመክራለች፣ ያልጠየቃትንም ጨምራ። አክስቴ "እትዬ" ነው የምትላት፤ እትዬ ያለችው ደግሞ ሕግ ነው። እናቴ ነገሩን ሰምታ ሳትጨርስ ተነስታ ከመኝታ ክፍሏ አንድ እሽግ ኪኒን ይዛ መጣች።

"ዋጪው። እኔን ከመቃብር ያወጣኝ ይሄ ነው። ላቡ፣ ንዴቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ፣ ሁሉም ጥርግ ነው የሚልልሽ።"

"ሐኪም ሳላማክር?"

"እኔን ሐኪም አይደል እንዴ ያዘዘልኝ? አንቺና እኔ የአንድ እናት ልጆች ነን፤ ደማችን አንድ ነው። ለኔ የሆነ ላንቺ ምን ያደርግሻል?"

ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ማንኛችንም አልጠረጠርንም።

ኪኒኑ ደግሞ ሠራ! ክፋቱ እሱ ነው። በጥቂት ሳምንት ውስጥ እሳቱ በረደ፤ እታለም ተኛች፤ ፊቷ ፈካ፤ ቀልዷ ተመለሰ። ሸሚዞቹ እንደ ድሮው ቀጥ አሉ። እናቴ በየወሩ ከምታውቀው መድኃኒት ቤት የራሷን ስትገዛ ለእህቷም ትጨምር ነበር። "አላልኩሽም?" እያለች በሄደችበት ሁሉ ታወራለች። ከእናቴ አፍ "አላልኩሽም" ከምትሰሙ ጥርሳችሁን ብትነቀሉ ይቀላል።

ዓመት ሊሞላ ሲል ነው ደሙ የመጣው። እታለም ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ አየኋት፤ ፊቷ ላይ ፍርሃትም ሳቅም ነበር። በቀጥታ ወደ ነጎድጓድ ሄዳ ጆሮዋ ላይ አንሾካሾከች። ነጎድጓድ እጇ ላይ የነበረውን ልብስ ወደ ገንዳው ወረወረችው።

"አበባሽ ተመለሰ? እልልልል! እናንተ፣ እታለም ወጣት ሆነች! ባልሽ ይጠንቀቅ፣ ዘንድሮ መንታ ነው!"

ሰው ሁሉ ሳቀ። ነጎድጓድ እታለምን አቅፋ አዙራ አዙራ ሳመቻት፤ ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር። ለሌላ ሰው አበባ ይህን ያህል መደሰቷ ያን ጊዜ አልገባኝም። እኔ አልሳቅሁም። አስተዋይ ስለሆንኩ አይደለም፤ በዚያ ቀን ጥርሴን አሞኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አየሁ። "መንታ" ሲባል እታለም እጇን ሆዷ ላይ ጣል አደረገች፤ ወዲያው አነሳችው። በማግስቱ ከንፈሯን ቀለም ቀብታ መጣች።

አስቡት እስቲ። ሌላ ስም ቢኖረው፣ "የደም መፍሰስ" ብቻ ቢባል፣ ማን እልል ይላል? አበባ ነዋ የተባለው! አበባ ተመለሰ ሲባል ማን ሐኪም ዘንድ ይሮጣል?

አበባው ግን ጠባዩ ደስ አላለኝም። ወር አይጠብቅም። ለሦስት ቀን ይመጣል፣ ይጠፋል፣ በሳምንቱ ይመለሳል። አንዳንዴ ጠብታ ነው፤ አንዳንዴ ሥራ አቋርጣ ትሮጣለች። ይህን ሁሉ የማውቀው ነግራኝ አይደለም፤ አክስቴ እንደ ነጎድጓድ ጥቁር መልበስ ስለጀመረች ነው። አንድ ጠዋት ቀድማኝ ገብታ፣ ገንዳው ዳር አጎንብሳ የራሷን ጨርቅ በቀዝቃዛ ውሃ ስታሽ አገኘኋት። ውሃው ሮዝ ሆኗል። ስታየኝ ቧንቧውን ከፈተችው።

"እታለም፣ ሐኪም ጋ እንሂድ" አልኳት።

"ለአበባ? ሐኪሙ ይስቅብኛል።"

"ይሳቃ! ከትከት ይበል!"

"እትዬን ጠይቄያታለሁ። ደምሽ ትኩስ ነው ብላኛለች።"

እናቴን ሄጄ ተጣላኋት። "አንቺ ልጅ የሴት ነገር መቼ አወቅሽና!" አለችኝ። የሠላሳ ዓመት ሴት ነኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብዬ ተረት ብተርትባት፣ "በሽታ ማን አለ?" ብላ መኪናዋን ቀጠቀጠችው፤ የስፌት መኪናው ድምፅ ጠቡን ዋጠው። እኔም ወጣሁ። ከዚያ በኋላ በየቀኑ እታለም ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ ፊቷን ማየት ሥራዬ ሆነ። እየከሳች አልነበረም፤ እየገረጣች ነበር። ከንፈሯ ላይ ያለው ቀለም ከፊቷ ተነጥሎ ለብቻው የተቀመጠ ይመስል ነበር።

ከዚያ ያ አንሶላ መጣ። የሆቴሉ አንሶላዎች ታጥበውና ተተኩሰው እስከ ጉልበት ከፍታ ይቆለላሉ፤ ቁልሉ ላይ መቀመጥ ክልክል ነው። ስለዚህ ሁሉም ይቀመጥበታል። በሻይ ሰዓት እታለምና ነጎድጓድ ጎን ለጎን ተቀምጠውበት ያወራሉ። የጋሼ እግር ሲሰማ ሁለቱም ብድግ አሉ። ከላይ ባለው ነጭ አንሶላ ላይ፣ ከመሀል ትንሽ ወደ ዳር፣ የደም ምልክት ነበር።

ጋሼ ገብቶ አየው። "ይሄ ምንድነው?"

እታለም የቆመችበት ደረቀች። ካውያው፣ ሸሚዙ፣ "ሌላ ሰው ልፈልግ" ያላት፣ ሁሉም ፊቷ ላይ ሲያልፍ አየሁት።

"የኔ ነው፣ ጋሼ" አለች ነጎድጓድ። "አሁኑኑ አጥበዋለሁ።"

ጋሼ አንዴ እሷን፣ አንዴ አንሶላውን አየና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ። "እ... በሉ ታጠቡት" ብሎ ወጣ። የሴት ነገር ሲነሳ እግሩ ይፈጥናል። ነጎድጓድ አንሶላውን ጠቅልላ ወደ ገንዳው ስትሄድ እታለም ከኋላዋ በዓይኗ ሸኘቻት፤ ስልሳ ዓመት ሊሞላት የደረሰች ሴት ስለ ጓደኛዋ ብላ እንዲህ ራሷን ስታዋርድ ምን ይባላል? ሁላችንም ነጎድጓድን በልባችን መረቅናት።

እታለም ወደ መጸዳጃ ቤት ገብታ ቆየች። ስትወጣ ክንዴን ያዘችኝ።

"ሁለት ደርቤ ነበር" አለች። "እንዴት አለፈ? ቀሚሴም ላይ የለም። እንዴት ነው የሚያልፈው?"

"እሄዳለሁ በይኝ።"

"ውሰጂኝ።"

ሐኪሟ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ትረሳዋለች። እናቴ ሳንጠራት መጥታለች። እህቷን ብቻዋን አትሰድም፤ ደግሞም "አላልኩሽም" ለማለት የሚመች ቦታ እንዳያመልጣት ነው። ሐኪሟ ደሙ መቼ እንደቆመ፣ መቼ እንደተመለሰ ጠየቀች። እታለም "አበባዬ ተመለሰ" ስትል፣ ሐኪሟ የምትጽፍበትን እጇን አቆመች።

"እሱ አበባ አይደለም፣ እናቴ። አንዴ ዓመት ሙሉ ቀርቶ ከቆየ ተመልሶ የሚመጣ አበባ የለም። ከዚያ በኋላ የሚታይ ደም፣ ጠብታም ብትሆን፣ ምክንያቱ መመርመር አለበት። ብዙውን ጊዜ ቀላል ነገር ነው፤ የደረቀና የሳሳ ገላ ይደማል። አንዳንዴ ግን ቀላል አይደለም። የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

እሽጉን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠኋት። መነጽሯን ፈልጋ ግንባሯ ላይ አገኘችውና አነበበች።

"ይሄን ማን አዘዘልሽ?"

"እህቴ ናት የሰጠችኝ።"

"እህትሽ ሐኪም ናቸው?"

"ልብስ ሰፊ ነኝ" አለች እናቴ ከወንበሯ ቀና ብላ። "ሐኪም ነው ለኔ ያዘዘው። ይሄን ሁሉ ዘመን ወስጄው አንዲት ቀን እንኳ አላመመኝም!"

ሐኪሟ እሽጉን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ከዚያ ረጋ ብላ ጠየቀቻት። "እርስዎ ማህፀንዎ አለ?"

እናቴ ወደኔ ዞረች። "ልጅቷ ትውጣ" አለች።

አልወጣሁም።

ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ትርፍ አንጀት ነው ተባልን። ቤተሰቡ ሁሉ ትርፍ አንጀት ብሎ ጠየቃት፤ አባቴ ትርፍ አንጀት እንዳለ ሞተ። እታለም በዚያ ጊዜ ሾርባ ይዛ የተመላለሰችው፣ ቁስሏን ያጠበችላት፣ ለትርፍ አንጀት ነው።

"የለም" አለች እናቴ። ድምፅዋ የሷ አይመስልም ነበር። "አውጥተውታል። እንቁላል ማምረቻውንም።"

"ምን?" አለች እታለም።

"ትርፍ አንጀት አልነበረም።"

ሐኪሟ ነገሩን ያስረዳችን ያኔ ነው፤ ቀስ ብላ፣ ማንንም ሳትወቅስ። ኪኒኑ የሴት ገላ የሚያመርተው ሆርሞን ነው፤ አበባ ሲቆም እሳቱን፣ ላቡን፣ ንዴቱን የሚያመጣው የሱ ማነስ ነው። መድኃኒቱ ክፉ አይደለም፤ ማህፀኗ ለወጣላት ሴት ብቻውን ይሰጣል። ማህፀን ያላት ሴት ግን ብቻውን ከወሰደችው የማህፀኑን የውስጥ ገበር ያወፍረዋል፣ ይመግበዋል፤ የወፈረው ገበር አንዳንዴ መንገድ ይስታል። ስለዚህ ገበሩን የሚጠብቅ ሌላ ሆርሞን አብሮ ይታዘዝላታል። እናቴ ገበር የምትለዋን ቃል ስትሰማ ዓይኗን ጨፈነች። ዕድሜዋን ሙሉ ኮት ላይ ገበር ስትሰፋ የኖረች ሴት ናት።

"እና እኔ ምን መውሰድ ነበረብኝ?" አለች እታለም።

"ቀድመሽ ብትመጪ ሁለቱን ባንድ ላይ ልንሰጥሽ እንችል ነበር። ቆዳ ላይ የሚለጠፍም አለ። ሆርሞን አልፈልግም ብትዪ፣ ወይም የማይስማማሽ ቢሆን፣ እሳቱን የሚያበርዱ ሌሎች ኪኒኖች አሉ። ለድርቀቱ ደግሞ እዚያው የሚቀባ አለ። ለሁሉም ሴት አንድ ዓይነት አይደለም፤ ታይቶ፣ ተመርምሮ፣ ተመካክሮ ነው። አንዳንዷም ምንም ሳትወስድ፣ ቀለል ያለ ለብሳ፣ ትኩስ መጠጥ ቀንሳ ታልፈዋለች።"

"ይሄ ሁሉ ነበረ?"

"ነበረ።"

እታለም ራሷን ወዘወዘች። የማትፈልገውን ልብስ እንዳሳዩአት ሰው ነበር የምትወዘውዘው። ሐኪሟ ኪኒኑን ዛሬውኑ እንድታቆም ነገረቻት፤ በመሣሪያ አየቻት፤ ገበሩ ከሚገባው በላይ ወፍሯል አለች፤ ናሙና ወስዳ ላከች። መልሱ እስኪመጣ ጠብቁ ተባልን።

ኮሪደሩ ላይ ሦስታችን ቆምን። እናቴ የእታለምን እጅ ልትይዝ ፈለገች፤ እታለም እጇን ወደ ኪሷ ከተተች።

"ባዶ ሆነች እንዳልባል ብዬ ነው" አለች እናቴ። "ባሌ ሌላ እንዳያይ ብዬ። ለማንም አልተናገርኩም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።"

"ፈጀዋ" አለች እታለም። "የኔን።"

በእነዚያ የመጠበቂያ ቀናት እታለም ሥራ አልቀረችም። ኪኒኑን ስታቆም እሳቱ ተመልሶ መጣባት፤ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ የነከረችውን ፎጣ አንገቷ ላይ ጣል አድርጋ ትተኩሳለች። ደሙም አልቀረም። ነጎድጓድ ትንሽ ዝም ያለች መሰለኝ፤ ስለ እታለም አዝና ነው ብዬ አለፍኩት። እናቴ በየቀኑ ላውንደሪው ድረስ ትመጣለች፤ ባንኮኒው ጋ ቆማ "መልሱ አልመጣም?" ትለኛለች፤ አልመጣም እላታለሁ፤ የኋላውን በር አየት አድርጋ ትመለሳለች። እኔም ስልኬ በጮኸ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ፈርቼ ነበር። ስፈራ ደግሞ ደንበኛ እሰድባለሁ።

መልሱ መጣ። ካንሰር ነው። ሐኪሟ ቃሉን ሳትሸፍን ነው የተናገረችው፤ ለዚህ ዕድሜ ይስጣት። ደም አስቀድሞ የሚያሳብቅበት ዓይነት ስለሆነ ቶሎ ለመጣች ሴት ተስፋው ብዙ ነው፤ እታለም ቶሎ መጣች ማለትም፣ አረፈደች ማለትም ለሐኪሟ ከብዷታል። ማህፀኑ ይወጣል። ከዚያ የወጣው ይመረመራል። እስከዚያ ድረስ ካንሰሩ ከማህፀኑ አልፎ ሄዷል አልሄደም የሚል ሰው ዋሽቷል።

እታለም አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀች። "መንታ ሲሉኝ... አንዲት ቀን እንኳ እውነት አልነበረም ማለት ነው?"

"አልነበረም" አለች ሐኪሟ።

ያኔ አለቀሰች። ስለ ካንሰሩ አላለቀሰችም።

ቀዶ ጥገናው ተደረገ። ቤቷ ስትመለስ እናቴ ልብሷን ጠቅልላ መጥታ አልጋው ሥር ፍራሽ ዘረጋች። እህትማማቾቹ ለቀናት "ውሃ ስጪኝ" እና "እንኪ" ብቻ ነበር የሚነጋገሩት። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቁስሏን ስታጥብላት እታለም ጣሪያውን እያየች፣ "እትዬ፣ በኪኒኑ አልተቀየምኩሽም" አለች። "በትርፍ አንጀቱ ነው የተቀየምኩሽ።" እናቴ ማጠቡን አላቋረጠችም፤ እንባዋ የማጠቢያው ሳህን ውስጥ ጠብ ጠብ ይላል። የምርመራው መልስ ገና አልደረሰም ነበር።

በዚያው ሳምንት የላውንደሪው ሴቶች ሊጠይቋት መጡ። ጋሼ ብርቱካን ልኮ ራሱ ቀረ። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ አልጋው ጠርዝ ላይም ወንበር ላይም ተቀመጡ። ነጎድጓድ በሩ አጠገብ ባለችው፣ ክሬም ቀለም ጨርቅ በለበሰችው ወንበር ላይ ነበረች።

"ለመሆኑ ምን አገኘሽ?" አለች አንዷ።

"ትርፍ አን..." አለች እናቴ። ልማድ ነው፤ አፏ ቀደማት።

"ትርፍ አይደለም!" እታለም ትራሷን ተደግፋ ቀና አለች። "ማህፀኔ ነው የወጣው። አርጬ ነበር፤ አዎ፣ አርጬ፤ ካረጥኩ በኋላ ደም መጣና አበባ ነው ብላችሁ እልል አላችሁልኝ። እኔም አብሬያችሁ እልል አልኩ። አበባ አልነበረም። ካንሰር ነበር። ካረጠች በኋላ ደም ያየች ሴት ከመካከላችሁ ካለች፣ ነገ አትበል።"

ሰው ሁሉ ብርቱካኑን አየ። ትንሽ ቆይተው "እግዜር ይማርሽ" እያሉ አንድ በአንድ ወጡ። ነጎድጓድ አልተነሳችም።

"እታለም" አለች። "ያ አንሶላ..."

"ውለታሽን መቼ ረሳሁት፣ ነጎዬ። ጋሼ ፊት ከውርደት አዳንሽኝ።"

"አላዳንኩሽም።"

ያቺ ሴት እንደዚያ ዓይነት ቀጭን ድምፅ እንዳላት አላውቅም ነበር። እናቴ በእጇ የያዘችውን ብርጭቆ አስቀመጠች።

"የኔ ነው ያልኩት የኔ ስለሆነ ነው" አለች ነጎድጓድ።

እታለም አየቻት። ሁለት ደርቤ ነበር፣ እንዴት አለፈ ያለችው ትዝ ሳይላት አልቀረም፤ እኔንም ትዝ ብሎኛል።

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ካንቺ በፊት። ብዙ በፊት።" ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ አስተካከለች። "አንቺ ስትነግሪኝ ያን ያህል ደስ ያለኝ እኮ ለዚህ ነው። የኔ ብቻ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። ላንቺም ሲመጣ... በቃ ጤና ነው አልኩ።"

እታለም ብርድ ልብሱን ገፍታ እግሯን ወደ መሬት አወረደች። በአንድ እጇ ሆዷን ይዛለች።

"ስፌትሽ!" ጮኸች እናቴ።

"ጫማዬን አምጪልኝ" አለችኝ እታለም። "ለሐኪሟም ደውይላት፤ እየመጣን ነው በያት።"

"ዛሬ? ልብስ እኮ ነክሬ ነው የመጣሁት" አለች ነጎድጓድ።

"ነጎዬ፣ ደም በምንድነው የሚታጠበው?"

"በቀዝቃዛ ውሃ።"

"ደግሞስ?"

ነጎድጓድ "ቶሎ" አለች፣ እየተንሾካሾከች። ጠረጴዛውን ተደግፋ ቀስ ብላ ተነሳች፤ ዞር ብላም የተቀመጠችበትን የወንበር ጨርቅ በመዳፏ ዳሰሰችና መዳፏን አየችው።